ሚስተር ሚካኤልን ፍለጋ፦ የእማዬን ቤት ስም ለማስተካከል የያዝኩት ማስታወሻ

አባባ ካረፈ ሁለት ዓመት ከምናምን ሆነው። ቤቱ ኦክላንድ ነው፤ 1996 ላይ እሱና እማዬ አብረው የገዙት። ዘንድሮ በዝናቡ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። እማዬ ለጥገናው በቤቱ ላይ ትንሽ ብድር ልትወስድ ብትጠይቅ አበዳሪው "ታይትሉ (የቤቱ ባለቤትነት) ላይ የባለቤትሽ ስም አሁንም አለ፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክይ" ብሎ መለሳት። አንድ ጠበቃ ጋ ደወልኩ። የጠራልኝን ዋጋ ሰማሁና አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።

ራሴ እሠራዋለሁ አልኩ። ከዚህ በታች ያለው በየቀኑ ስልኬ ላይ የጫርኩት ነው፣ ትንሽ አጽድቼዋለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። የማወራው ካሊፎርኒያ፣ አላሜዳ ካውንቲ ውስጥ ስላለ አንድ ቤት ነው፤ ሌላ ስቴት ሌላ ሕግ አለው።

ቅዳሜ፣ ማርች 1

"እማዬ፣ የቤቱ ዲድ የት ነው?"

"ካርታው ነው?"

"አዎ፣ ካርታው።"

ከአልጋ ሥር ያለችውን ቡናማ ሻንጣ አስወጣችኝ። በነጠላ የተጠቀለለ ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ በሱ ውስጥ ፖስታ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ቤት ሲቀባም፣ ምንጣፍ ሲቀየርም፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባም ከአልጋው ሥር ንቅንቅ ያላለች ሻንጣ። ከፍቼ ሳየው ዲድ፣ ቤቱ ከሻጭ ወደ ገዢ የተላለፈበት ሰነድ፣ አይደለም። ቤቱ የተገዛ ቀን ኤስክሮው፣ በሻጭና በገዢ መካከል ገንዘቡንና ወረቀቱን የሚይዘው ድርጅት፣ የሰጣቸው የሂሳብ መግለጫ ነው፤ ቅድመ ክፍያ ይህን ያህል፣ የኢንሹራንስ ይህን ያህል የሚል ሁለት ገጽ ወረቀት። አልነገርኳትም። ፌስታሉን መልሼ ጠቀለልኩት።

እማዬ አዲስ አበባ ያደገች ሰው ናት። እዚያ ካርታ ማለት የቦታው ንድፍ የተሳለበት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ከከተማው አስተዳደር የወጣ ወረቀት ነው። መሬቱ በ1987 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ መንግሥት ነው ይዞታህን የሚያረጋግጥልህ። ቤት ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ስም ይዞራል፣ አሮጌው ካርታ ይመክናል፣ አዲስ ይወጣል። ስለዚህ ካርታ የጠፋበት ሰው ምን ያህል እንደሚንገላታ ስለምታውቅ ነው በነጠላ የምትጠቀልለው።

እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ እኔም ዛሬ ነው በደንብ የገባኝ። የካውንቲው ሬኮርደር፣ ሰነድ መዝጋቢው ቢሮ፣ ማንንም ባለቤት አያደርግም። ያመጣህለት ወረቀት ቅርጹ ከተሟላና ክፍያው ከተከፈለ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ኮፒውን ያስቀምጣል፣ ዋናውን በፖስታ ይመልስልሃል። አለቀ። ውስጡ ያለው እውነት ይሁን ውሸት አያጣራም። ባለቤቱ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ወረቀት ሳይሆን የወረቀቶች ሰንሰለት ነው፤ እከሌ ለእከሌ ሸጠ፣ እከሌ ለእከሊት ሰጠ፣ እከሌ ሞተ፣ እያለ ወደ ኋላ የሚሄድ። ሻንጣው ቢቃጠል ቤቱ አይቃጠልም።

ይህን ለእማዬ ላስረዳት ሞከርኩ። "እሺ፣ ግን አትጣለው" አለችኝ።

እዚያው ሻንጣ ውስጥ ሌላም ደብዳቤ አገኘሁ፣ ባለፈው ዓመት የመጣ። ንስር የሚመስል ምልክት አለው፣ የቤቱ አድራሻና የፓርሴል (የቦታ መለያ) ቁጥሩ ተጽፎበታል፣ "የዲድዎን ኮፒ ለማግኘት 95 ዶላር ይላኩ" ይላል፣ የመጨረሻ ቀንም አለው። ከታች በትንንሽ ፊደል "የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለንም" የሚል አለ። እማዬ ቼክ ጽፋ ልካላቸዋለች። ያንኑ ኮፒ ከካውንቲው በጥቂት ዶላር ይገኛል። ወላጆቻችሁ ጋ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመጣ ቀድማችሁ ያዙት።

ሰኞ፣ ማርች 3

ሥራ ወጥቼ ማታ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሦስት ቢሮዎችን ልዩነት ለማወቅ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። አሰሰሩ ቤቱ ለግብር ስንት ይገመታል የሚለውን ይይዛል። ታክስ ኮሌክተሩ ብሩን ይሰበስባል። ሬኮርደሩ ሰነዱን ይይዛል። አሰሰሩ ጋ ስም ተስተካከለ ማለት ሬኮርደሩ ጋ ተስተካከለ ማለት አይደለም። የእማዬ ጓደኛ "እኔ ታክስ ቢሮ ሄጄ ነው ያስቀየርኩት" ያለችው ለዚህ ነው፤ እሷ ያስቀየረችው ቢሉ የሚላክበትን ስም ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከግብር ቢሉ ላይ የፓርሴል ቁጥሩን ወሰድኩ። ደስ ብሎኝ ሬኮርደሩ ኢንዴክስ ላይ ላስገባው ስል ለካ ፍለጋው በአድራሻ አይደለም፣ በስም ነው። ሰጪና ተቀባይ የሚባሉ ሁለት ዓምዶች አሉ። ሰነዱ ላይ የተጻፈውን ስም ካላወቅህ ቤቱ በዓይንህ ፊት ቆሞም አታገኘውም።

የአባቴ አባት ስም ወልደሚካኤል ነው። እኔም በሱ ነው የምጠራው። አስገባሁት። ከ1996 ምንም የለም። የወጣው አንድ የ2003 ሰነድ ብቻ ነው፣ ሞርጌጁን እንደገና ያስተካከሉ ጊዜ የተመዘገበ። የእማዬን በአባቷ ስም ፈለግኩ፤ ባዶ። ቤቱን ማን ሸጠላቸው? መቼ ተመዘገበ? በሌሊት እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምህ የማታስበው የለም። ሰውየው ጭራሽ ሳያስመዘግብ ቀርቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሳይመዘገብም ዲድ በሰጪና በተቀባይ መካከል ይጸናል፣ ሌላው ዓለም ግን አያውቀውም፤ ሰጪው ያንኑ ቤት ለሌላ ሸጦት፣ ያኛው ምንም ሳያውቅ ገዝቶ ቀድሞ ቢያስመዘግብ ጉድ ነው።

ሃሙስ፣ ማርች 6

ምሳ ሰዓት ላይ ድንገት መጣልኝ። እማዬ ጋ ደወልኩ፦ "ሻንጣውን ክፈቺውና ከላይ ያለውን ስም ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።" እሷ ፎቶ እስክትልክ ሃያ ደቂቃ። መጀመሪያ የላከችው የገዛ ጣቷን ነበር።

ሁለተኛው ላይ አየሁት። አባባ እንደማንኛውም ያገሩ ሰው "ወልደ"ን አሳጥሮ ነው የሚጽፈው፤ ደብልዩ፣ እዝባር፣ ሚካኤል። ወ/ሚካኤል። ቅጹን የሞላላቸው ሰው እዝባሩን አይቶ ምን ያድርግ? ደብልዩን የመሐል ስም አደረገው፣ ነጥብ ጨመረበት፣ አባቴን ሚስተር ሚካኤል አደረገው። እማዬን ደግሞ ማን ናት ብሎ ሳይጠይቅ ሚስስ ሚካኤል አላት። የእማዬ ስም ዕድሜ ልኳን የአባቷ ስም ነው፤ መታወቂያዋም፣ የዜግነት ወረቀቷም በሱ ነው። የእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን እንደማትቀይር ያ ሰው ከየት ያውቃል። አላወቀም፣ እነሱም ዝም ብለው ፈረሙ።

"ሚካኤል" ብዬ አስገባሁ። ኦክላንድ ውስጥ ስንት ሚካኤል አለ መሰላችሁ! በ1996 ወሰንኩት፣ ከዚያ የአባባን የራሱን ስም ጨመርኩ። ወጣ። ግራንት ዲድ (ቤቱ ለእነሱ የተላለፈበት) አንድ፣ በዚያው ቀን የባንኩ ዲድ ኦፍ ትረስት (ቤቱን ለብድሩ መያዣ የሚያደርገው) አንድ። በቁጥር ተከታታይ ናቸው፣ መንታ። ቢሮ ውስጥ ጮኬ "አገኘሁህ!" ስላልኩ አጠገቤ ያለው ልጅ ኳስ የማይ መስሎት "ስንት ለስንት?" አለኝ።

ማታ ሁሉንም ሰንሰለት ለመግጠም ቁጭ አልኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፣ ለሐበሻ ስም ዋናው ጣጣ ይኼው ስለሆነ። 1996 ላይ ሚካኤል። 2003 ላይ አዲሱ ባንክ ሙሉውን ጻፈው፣ "ወልደ" ግን በኦ። ያው ባንክ የድሮውን ብድር ሲዘጋ የተመዘገበው መልቀቂያ፣ ሪኮንቬያንስ የሚሉት፣ እንደገና ሚካኤል በሚለው ሥር ነው፣ የድሮውን ሰነድ ስለሚጠቅስ። ይሄ ልክ ነው። ችግሩ የ2003ቱ ብድር ነው፤ አባባ 2018 ላይ ከፍሎ ጨርሶታል፣ ዶሮ ወጥ ተሠርቶ ነው የተከበረው፣ እኔ ራሴ በልቻለሁ። መልቀቂያው ግን የለም። በኦ ፈለግኩ፣ የለም። በኢ ፈለግኩ፣ የለም። ሚካኤል፣ የለም።

በሕጉ ብድሩ ካለቀ በኋላ አበዳሪው በ30 ቀን ውስጥ ወረቀቶቹን ለትረስቲው (መያዣውን በመሐል ለያዘው ወገን) ማስረከብ አለበት፣ ትረስቲው ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ መልቀቂያውን ማስመዝገብ አለበት። ካልተመዘገበ ብድሩ በሰነድ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ እማዬ የተከፈለ ዕዳ ተሸክማ ትኖራለች ማለት ነው። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ተነሥቼ ስሙን ለሁለት ሰነጠቅኩት፤ "ወልዴ" ለብቻ፣ ሚካኤል ለብቻ፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ ያለችውን ኢ ቆረጥኳት። መጣ። ባንኩ መልቀቂያውን ሲያዘጋጅ አንድ ፊደል ጥሎ ስሙን ለሁለት ከፍሎት ነው። ተከፍሏል፣ ተመዝግቧል፣ በጊዜው። አንድ ሰው፣ አንድ ቤት፣ ሦስት ዓይነት ስም።

ዓርብ፣ ማርች 7

ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ማዲሰን መንገድ ላይ ወዳለው የሬኮርደሩ ቢሮ ሄድኩ፣ ከሌክ ሜሪት ባርት ባቡር ጣቢያ በእግር ቅርብ ነው። ኢንዴክሱ እቤት ሆኖ ይታያል እንጂ የሰነዱን ምስል ለማየት መሄድ ይሻላል። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩን አስገባሁ፣ የ1996ቱ ዲድ ብቅ አለ።

አንድ ገጽ ናት። ይህን ሁሉ ዘመን ያኖረችን አንዲት ገጽ። የሻጮቹ ፊርማ፣ የኖተሪው (የፊርማ አረጋጋጩ) ማኅተም፣ የመሬቱ ዝርዝር፣ ሎት ይህ፣ ብሎክ ያ፣ የካርታ መጽሐፍ ቁጥርና ገጽ። እኔ የፈለግኩት ግን ከስማቸው ቀጥሎ ያሉትን ቃላት ነበር፦ "ባልና ሚስት፣ እንደ ጆይንት ቴናንት።"

ተመስገን። እነዚህ ቃላት ሁሉንም ነገር ይወስናሉ። ጆይንት ቴናንት ከሆኑ አንዱ ሲሞት ድርሻው ያን ጊዜውኑ ለቀሪው ያልፋል፤ ፍርድ ቤት የለም፣ ፕሮቤት (ውርስ በፍርድ ቤት ማጣራት) የለም፣ ኑዛዜ እንኳ ቢኖር ይህን አይሽረውም። "ቴናንት ኢን ኮመን" ቢል ኖሮ የአባባ ግማሽ ለብቻው ውርስ ይሆን ነበር፣ እኔም ወደ ጠበቃው ስልክ እመለስ ነበር። ስለዚህ ቤቱ አባባ ካረፈበት ደቂቃ ጀምሮ የእማዬ ነው። የሚያስፈልገው አዲስ ዲድ አይደለም፤ "ጆይንት ቴናንቱ ሞቷል" የሚል ቃለ መሐላ ከሞት የምስክር ወረቀት ጋር ማስመዝገብ ብቻ ነው። አበዳሪው "ኩዊትክሌም ሥሪ" ያላት ነገር ስህተት ነው። ኩዊትክሌም አንድ ሰው መብቱን የሚለቅበት ዲድ ነው። ማን ነው የሚፈርመው? የሞተ ሰው?

የሁሉንም ሰነዶች ኮፒ ገዝቼ ወጣሁ። ከ95 ዶላር በጣም ያነሰ ነው፣ እማዬን ላለማናደድ ስንት እንደሆነ አልነገርኳትም።

እሑድ፣ ማርች 9

እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ እኔ ጠረጴዛው ላይ ማስመሪያ ይዤ ነው ያገኘችኝ። "ምን ትሠራለህ፣ ልብስ ልትሰፋ ነው?" ማስመሪያው የምር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ገጽ አናት ሁለት ኢንች ተኩል ባዶ መሆን አለበት፤ በግራ በኩል ሦስት ኢንች ተኩሉ ላይ አስመዝጋቢው ማን እንደሆነና ሰነዱ ሲመለስ ለማን እንደሚላክ ይጻፋል፣ በቀኝ ያለው አምስት ኢንች የሬኮርደሩ ነው፣ ማኅተሙ እዚያ ነው የሚያርፈው፣ አትንካው። ወረቀቱ ተራ የሌተር መጠን፣ በአንድ በኩል ብቻ የታተመ።

የቅጹን ናሙና ያገኘሁት ከሕግ ቤተ መጻሕፍት ነው። ብዙ ሰው አያውቅም፣ በካሊፎርኒያ በየካውንቲው ለሕዝብ ክፍት የሆነ የሕግ ቤተ መጻሕፍት አለ። የእኛው ኦክላንድ 12ኛው መንገድ ላይ ነው። የሳክራሜንቶው ደግሞ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዱ ጽሑፎችን ከናሙና ጋር ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጧል። ለቅጽ ብር እንዳትከፍሉ።

ቃለ መሐላው ራሱ አጭር ነው። ዋናው ዓረፍተ ነገር በግርድፉ "በተያያዘው የሞት የምስክር ወረቀት ላይ የተጠቀሰው ሟች በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር በተመዘገበው ዲድ ላይ ከተቀባዮቹ አንዱ ተብሎ የተጻፈው ሰው ራሱ ነው" ይላል። ሳነበው ሳቅኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ሰው ለአባቴ ብሎ የጻፈው ነው የሚመስለው። የሞት ወረቀቱ ወልደሚካኤል ይላል፣ ዲዱ ደብልዩ ነጥብ ሚካኤል ይላል፣ እማዬ ደግሞ ሁለቱ አንድ ሰው ነው ብላ ትምላለች።

ለእሷም እንደዚያው። በመታወቂያዋ ያለው ስሟ ቀድሞ፣ ቀጥሎ "በዲዱ ላይ እንዲህ ተብላ የተጠቀሰችው" ብዬ ሚስስ ሚካኤልን ከነ ነጥቧ፣ ከነ ስህተቷ ጻፍኳት። እጄ ስሙን አቃንተህ ጻፍ ጻፍ ይለኛል። ግን አይደረግም። የድሮውን ስህተት እንዳለ ካልገለበጥከው ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ይበጠሳል፣ ነገ የሚፈልግ ሰውም እንደኔ ሌሊት ይነሣል። ፀሐይ የሚለው ስሟ እንኳ ዲዱ ላይ በአይ፣ መታወቂያዋ ላይ በዋይ ነው የሚያልቀው። ሁለቱም ገቡ።

የመሬቱን ዝርዝር ፊደል በፊደል ገለበጥኩ። ሁለቴ አነበብኩት፣ ሦስተኛውን እህቴ በስልክ ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

የኖተሪ ቀን። ባለፈው ማክሰኞ ሰፈር ካለ አንድ ፖስታ መላኪያ ሱቅ ወስጃት ነበር። ኖተሪው እማዬን በእንግሊዝኛ ሲያናግራት ግራ ገባት፣ እኔ ላስተርጉም ስል "አይቻልም" አለ። ተናደድኩ። እቤት ገብቼ የካሊፎርኒያ ኖተሪዎች መመሪያን ሳነብ ግን ልጁ ልክ ነው። ኖተሪው ከፈራሚው ጋር ያለ አስተርጓሚ መግባባት አለበት፣ ካልቻለ ቋንቋውን ወደሚችል ኖተሪ ይመራዋል። አስቡት፣ አስተርጓሚው ውርስ የሚጠብቅ ልጅ ሲሆን።

ስለዚህ አማርኛ የምትናገር ኖተሪ ፈለግን። ቴሌግራፍ መንገድ አካባቢ፣ ታክስም የምትሠራ አንዲት ወይዘሮ አገኘን። ገና ስንገባ ቡና ቀረበ።

"እትዬ ፀሐይ፣ ይኼን ወረቀት ያውቁታል? ምን እንደሚል በራስዎ አፍ ይንገሩኝ።"

"ባሌ ሞቷል ነው የሚለው። ቤቱ የእኔ ነው ነው የሚለው።"

"እውነት ነው ብለው ይምላሉ?"

እማዬ ጭጭ አለች። ወደ እኔ አየች። "ሁዳዴ ነው እኮ። በጾም ልማል?"

ቃለ መሐላ ስለሆነ ፊርማን ማረጋገጥ ብቻ አይበቃም፣ ፈራሚው ኖተሪው ፊት ቃል መስጠት አለበት፤ ለዲድና ለእንዲህ ያለ ሰነድ የሚያያዘው የኖተሪ ገጽም የተለያየ ነው፣ የቱ እንደሆነ ደግሞ ኖተሪው እንዲመርጥላችሁ አይፈቀድለትም፣ አውቃችሁ መሄድ አለባችሁ። ወይዘሮዋ ግን ለእማዬ ችግር መልስ ነበራት፦ "መማል የማይወድ ሰው 'አረጋግጣለሁ' ቢልም ሕጉ ይቀበላል።" እማዬ ተነፈሰች። "እሱማ አረጋግጣለሁ። ቀብሬው የለ እንዴ" አለች፣ ከዚያም ዓይኗ ሞላ። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሁላችንም ዝም አልን።

ከዚያ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ። የቤትን ጉዳይ የሚነካ ሰነድ ሲሆን ኖተሪዋ መዝገቧ ላይ አሻራ ታስወስዳለች። "በጃንሆይ ጊዜ አያቴ እንዲህ ነበር የሚፈርሙት" አለች እማዬ ጣቷን እየጠረገች፣ "አሜሪካ መጥቼ ልመለስበት?" ለአንድ ፊርማ ከ15 ዶላር በላይ ማስከፈል አይቻልም፣ ወይዘሮዋም 15 ነው ያለችው። የቡናውን አላስከፈለችም።

(በነገራችን ላይ ኖተሪ ጠበቃ አይደለም። ትረስት (ንብረት በአደራ የሚያዝበትን ሰነድ) እንድታዘጋጅላችሁ፣ ቤት በማን ስም ይሁን ብላችሁ እንድትመክራችሁ አትጠይቋት፣ የምትመልስላችሁም ካለች ሽሹ።)

ዓርብ፣ ማርች 21

ከሬኮርደሩ ተመለስኩ። ባዶ እጄን። ጥፋቱ የኔ ነው። የሞት የምስክር ወረቀቱን ጥርት ያለ ኮፒ ነው ያያያዝኩት፣ በቀለም። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን በጣቷ ዳስሳ ብቻ "ይኼ ኮፒ ነው" አለችኝ። ማኅተም ያለበት የተረጋገጠ ቅጂ መሆን አለበት። አለኝ እኮ፣ ስድስት ነው የገዛነው፣ እቤት ቁጭ ብሏል!

አንድ ነገር ግን አተረፍኩ። ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበረ ሰውዬ "75 ዶላር የምንድን ነው?" እያለ ሲከራከር ሰማሁ። ከ2018 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ለቤቶች ግንባታ ተብሎ በሰነድ 75 ዶላር የሚጨመር ክፍያ አለ፣ እስከ 225 ሊደርስ ይችላል። ቤቱ መኖሪያ ሆኖ የሚተላለፈው እዚያው ለሚኖርበት ሰው ከሆነ ነጻ ነው። ግን ነጻ የምትሆነው ምክንያቱ ሰነዱ ላይ ተጽፎ ከመጣ ነው፤ በአፍ ብታስረዳ ዋጋ የለውም። የኔ ላይ ተጽፏል፣ ሳክራሜንቶዎች ይመስገኑ።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ገባ! ሁለት ገጽ ቃለ መሐላ፣ የኖተሪው ገጽ፣ የሞት ወረቀት። ከመጀመሪያው ገጽ በኋላ ለያንዳንዱ ሦስት ሦስት ዶላር ይጨመራል። ሽያጭ ስላልሆነ የትራንስፈር (የዝውውር) ታክስ የለም፤ ቢሸጥ ኖሮ ለካውንቲው በየሺው አንድ ዶላር ከአሥር ሳንቲም፣ ኦክላንድ ከተማ ደግሞ የራሷን ትጨምራለች፣ የእሷ ነው የሚያመው። አብሮ "ፒኮር" የሚሉት ለአሰሰሩ የሚሄድ ቅጽ አለ፣ ካልተያያዘ 20 ዶላር ይጨምራሉ።

በቀኝ በኩል ያ ባዶ ቦታ ላይ ቁጥሩ ታተመ፣ በ2025 የሚጀምር።

ከዚያ በእግሬ ወደ አሰሰሩ፣ ኦክ መንገድ፣ ደቂቃዎች ነው። የቤት ባለቤት ሲሞት በ150 ቀን ውስጥ ለአሰሰሩ መነገር አለበት። እኛ ያለፈን በዓመታት ነው። ቅጹን ሞልቼ ሰጠሁ፣ ማንም አልተቆጣኝም። ከባል ወደ ሚስት ስለሆነ ቤቱ እንደ አዲስ አይገመትም፤ በ1978ቱ ፕሮፖዚሽን 13 መሠረት ከ1996 ዋጋው ተነሥቶ በዓመት ከ2 በመቶ ባልበለጠ እየጨመረ የመጣው ግምት ይቀጥላል። እማዬ ዛሬ በገበያው ዋጋ ብትገመት ግብሩን አትችለውም።

ወደ ልጆች ሲተላለፍ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከፌብሩዋሪ 2021 ወዲህ፣ በፕሮፖዚሽን 19፣ ያንን ዝቅተኛ ግምት ለመያዝ ልጁ በአንድ ዓመት ውስጥ ቤቱን የራሱ ዋና መኖሪያ ማድረግ አለበት፣ እሱም ቢሆን ጣሪያ አለው። እኔ ሄይዋርድ ነኝ፣ እህቴ ሳክራሜንቶ። ይሄ ሌላ ቀን ነው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

ዋናው ሰነድ በፖስታ መጣ። ኢንዴክሱን ከፈትኩ። በአባቷ ስም ፈለግኳት፣ ወጣች። ሚካኤል ብዬ ፈለግኩ፣ እዚያም አለች። ወልደሚካኤል፣ አለ። ማንም በየትኛውም በር ቢመጣ ያገኛታል። አበዳሪው ኮፒውን ተቀብሎ ሥራውን ጀምሯል፣ ጣሪያ ሠሪው ከፋሲካ በኋላ ይመጣል።

በዚህ ሳምንት ሦስት ደብዳቤ ደርሷታል። ሁለቱ "ቤትዎን በካሽ እንገዛለን"፣ አንዱ ያው ንስር ያለው። ሰነድ በተመዘገበ ቁጥር የሚጠብቁ አሉ ማለት ነው። አሁን ግን ነቅታለች፣ ቀድዳ ነው የምትጥለው።

ዛሬ ስቅለት ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን ማታ ነው የመጣችው፣ ከስግደት ጉልበቷ ተልፈስፍሶ። ሰነዱን ሰጠኋት። በመነጽር አየችው፣ አነበበችው፣ የአባባ ስም ላይ ጣቷን አሳረፈች። ያችን ሻንጣ አስወጣችኝ። የኤስክሮውን ወረቀት "ይኼ እንኳ ይጣል፣ ዲድ አይደለም እኮ" ብዬ በመጨረሻ ነገርኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "አባትህ የመጀመሪያ ቀን የፈረመበት ነው።" አዲሱን ከሱ ሥር አስገብታ በፌስታሉ፣ በሌላው ፌስታል፣ በነጠላው ጠቀለለችው።

አጋጣሚው ጥሩ ይመስላል ብዬ አንድ ነገር ጣል አደረግኩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰው በሕይወት እያለ "ስሞት ቤቱ ለእገሌ ይተላለፍ" ብሎ የሚያስመዘግበው ዲድ አለ፣ ሲፈልግ የሚሽረው፤ ሁለት ምስክር ይፈልጋል፣ ኖተሪ ፊት ከተፈረመ በ60 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ትረስትም አለ፣ ለሱ ግን ጠበቃ ይሻላል። እንደው ብታስቢበት፣ አልኳት።

"ገና ሳልሞት ልትካፈሉኝ ነው?"

"አይ እማዬ፣ እኔ ለፕሮቤቱ ብዬ..."

"መጀመሪያ ጣሪያው ይሠራ።"